ፍሬኑ ሳይሆን ገመዱ፦ ስለ ፎርሙላ ሮሳ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በአቡ ዳቢ ያስ ደሴት፣ ፌራሪ ወርልድ በተባለው የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ ስላለው ፎርሙላ ሮሳ የተባለ ሮለር ኮስተር (በሐዲድ ላይ የሚሮጥ የመዝናኛ ባቡር) የሚያትት አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን በተለይ በኤምሬትስ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ባጭሩ የሚለው ይህ ነው፦ ባቡሩ የፌራሪ ሞተር ተገጥሞለታል፤ በአምስት ሰከንድ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር መድረሱ አጥንት ይሰብራል፤ መብራት ቢጠፋ የሚያቆመው ፍሬን የለም፤ ጎማዎቹ ሐዲዱ ላይ ተቀምጠዋል እንጂ ሐዲዱን አልያዙም፤ የወገብ መያዣው በጉዞ መሀል ሊከፈት ይችላል፤ አሜሪካ የነበሩት ሁለት አቻዎቹ፣ ኪንግዳ ካና ቶፕ ትሪል ድራግስተር፣ ወደ ኋላ ተንሸራተው ሰው በተአምር ተርፏል፤ ሁለቱም «አደገኛነታቸው ስለተረጋገጠ» ፈርሰዋል፤ የሚታደለው መነጽርና የኪስ ክልከላው ደግሞ ለማሳመር ነው። ማሳረጊያው «ልጆቻችሁን ደጁ አታድርሱ» የሚል ምክር ነው።

ለልጅ መሳሳት የሚነቀፍ አይደለም። ችግሩ ጽሑፉ የሚያስፈራን በማሽኑ ጠንካራ ክፍሎች መሆኑ ነው። በእርግጥ ዓይን የማይነሣባቸውን ክፍሎች፣ ማለትም የማስወንጨፊያውን የብረት ገመድ፣ የጎማውን ሽፋን፣ ኩሽኔታውንና ትንንሾቹን ብሎኖች፣ አንድም ቦታ አላነሣቸውም። አንባቢ የተሳሳተውን ነገር እየፈራ ትክክለኛውን ጥያቄ ሳይጠይቅ እንዳይቀር ነጥብ በነጥብ መልስ ሰጥተናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ባቡሩ የፌራሪ ሞተር ተገጥሞለታል»

አልተገጠመለትም። ባቡሩ የእሽቅድምድም መኪና እንዲመስል ተደርጎ ተቀርጿል፤ ውስጡ ግን ሞተርም ነዳጅም መሪም የለም። የሠራው በስዊዘርላንድ የተመሠረተው ኢንታሚን ነው፤ ዓይነቱም አክስለሬተር ኮስተር ይባላል። በዚህ ዓይነት ማሽን ጉልበቱ ያለው ባቡሩ ላይ ሳይሆን ከሐዲዱ ጫፍ በተሠራ የማሽን ክፍል ውስጥ ነው፤ አሠራሩን ማወቅ ቀጥሎ ለሚመጣው ሁሉ መሠረት ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የኤሌክትሪክ ፓምፖች የሃይድሮሊክ ዘይት እየገፉ ወደ ትልልቅ ሲሊንደሮች ያስገባሉ። በሲሊንደሩ ውስጥ ፒስተን አለ፤ ከፒስተኑ ወዲያ ናይትሮጅን ጋዝ ታምቋል። ዘይቱ በገባ ቁጥር ጋዙ ይጨመቃል፣ ጉልበትም ይጠራቀማል። ለማስወንጨፍ ቫልቮቹ ሲከፈቱ ጋዙ ዘይቱን በአንድ ጊዜ ይገፋዋል፤ ዘይቱ በአንድ ትልቅ ከበሮ ዙሪያ የተደረደሩ የሃይድሮሊክ ሞተሮችን ያዞራል፤ ከበሮው የብረት ገመድ ይጠቀልላል፤ ገመዱ በሐዲዱ መሀል ባለ ቦይ ውስጥ የሚሮጥ መጎተቻ ጋሪ ይስባል። ከባቡሩ ሆድ የሚወርድ መንጠቆ ከዚህ ጋሪ ጋር ይያያዛል። በማስወንጨፊያው መጨረሻ ጋሪው በራሱ ፍሬን ሲገታ ባቡሩ ቀድሞት ያልፋል፣ መንጠቆውም ተላቆ ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ ባቡሩን የሚገፋው ምንም ነገር የለም፤ ባገኘው ፍጥነት ብቻ ከ2 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ ይጨርሳል።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው የጉልበቱ መጠን ሳይሆን የጊዜው ማጠር ነው። ለስሌት ያህል ባቡሩ ከነተሳፋሪዎቹ 10 ቶን ይመዝናል እንበል። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 66.7 ሜትር ስለሆነ የሚያስፈልገው ጉልበት 22 ሜጋ ጁል ግድም፣ ወይም 6.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህ አንድ ባለ 3.5 ኪሎ ዋት የእንጀራ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል የሚፈጀው መብራት ነው፤ ብዙ አይደለም። ግን በ4.9 ሰከንድ ውስጥ መውጣት ስላለበት በአማካይ 4.5 ሜጋ ዋት ይሆናል። ይህን በየጥቂት ደቂቃው በቀጥታ ከመስመር መሳብ የአካባቢውን ኤሌክትሪክ ያንገጫግጫል። ስለዚህ ፓምፖቹ ተሳፋሪ እስኪወርድና እስኪሳፈር ባለው ጊዜ ቀስ ብለው ያጠራቅማሉ፣ ጋዙ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ ይለቀዋል።

«በአምስት ሰከንድ 240 መድረስ አጥንት ይሰብራል»

ጸሐፊው ለዚህ ማስረጃ ያደረጉት ጃፓን ውስጥ በፉጂ ኪው ሃይላንድ የነበረውን ዶ ዶዶንፓ የተባለ ሮለር ኮስተር ነው። እዚያ የሆነው እውነት ነው፤ ተሳፋሪዎች የአጥንት ስብራት ስለማሳወቃቸው በኦገስት 2021 ቆሟል፣ በኋላም ለዘለቄታው ተዘግቷል። ነገር ግን ዶ ዶዶንፓ የሌላ ኩባንያ ሥራ ነው፤ የሚወነጨፈው በታመቀ አየር ነበር፣ ፍጥነቱን ያገኝበት የነበረው ጊዜም ፈጽሞ የተለየ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሰውነትን የሚጫነው ፍጥነቱ ሳይሆን ፍጥነቱ የሚለወጥበት ጊዜ ነው። ፎርሙላ ሮሳ በ4.9 ሰከንድ 240 ሲደርስ አማካይ ግፊቱ 1.4 ጂ (ጂ የመሬት ስበት ልክ ነው) ያህል ነው፤ ጀርባዎን ወንበሩ ላይ የሚጫነው ኃይል ከክብደትዎ አንድ ጊዜ ተኩል ያንሳል ማለት ነው። በኒው ጀርሲ የነበረው ኪንግዳ ካ በ3.5 ሰከንድ 206 ይደርስ ስለነበር 1.7 ጂ ግድም ይሆናል። ዶ ዶዶንፓ ግን በ1.56 ሰከንድ 180 ይደርስ ነበር፤ አማካዩ 3.3 ጂ ነው። ከፎርሙላ ሮሳ በ60 ኪሎ ሜትር ያነሰ ፍጥነት፣ ከእጥፍ በላይ ግፊት። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም።

ይህ ማለት ግን ፎርሙላ ሮሳ ላይ አንገት አይጎዳም ማለት አይደለም። ጉዳት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ጎንበስ ብሎ ወይም አንገቱን አዙሮ ሳለ ባቡሩ ሲወነጨፍ ነው። ጭንቅላት ከመደገፊያው ሁለት መዳፍ ርቆ ከተገኘ ወንበሩ መጥቶ ይመታዋል። ስለዚህ ማስወንጨፉ ከመጀመሩ በፊት ጭንቅላትን መደገፊያው ላይ አጥብቆ ማስደገፍ፣ ፊት ለፊት ማየት፣ መያዣውን በሁለት እጅ መያዝ ያስፈልጋል። በመንገዱ ላይ ለዚህ ማሽን የሚጠቀሰው ከፍተኛ ጫና 4.8 ጂ ነው፤ ይህ የሚመጣው ለአፍታ ብቻ ቢሆንም የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የወገብ ዲስክ ችግር ላለበት ሰውና ለነፍሰ ጡር በቂ የመከልከያ ምክንያት ነው።

«መብራት ቢጠፋ የሚያቆመው ፍሬን የለም»

ይህ የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ነው፤ ሰውን አለአግባብ የሚያስደነግጠውም እሱ ነው። የዚህ ዓይነት ማሽን ዋና ፍሬን መብራት ጨርሶ አይፈልግም። ባቡሩ ሥር ጠንካራ ቋሚ ማግኔቶች አሉ፤ ሐዲዱ ላይ ደግሞ ከመዳብ ቅይጥ የተሠሩ ላሜራዎች ቆመዋል። ማግኔቱ በላሜራው አጠገብ በፍጥነት ሲያልፍ ላሜራው ውስጥ ክብ ክብ የሚዞር የኤሌክትሪክ ፍሰት ይነሣል፤ ይህ ፍሰት የራሱን መግነጢስ ፈጥሮ ማግኔቱን ወደ ኋላ ይይዘዋል። የሚነካካ ነገር የለም፣ የሚያልቅ ሸራ የለም፣ ዝናብ አያዳልጠውም። ጉልበቱ ወደ ሙቀት ተለውጦ ላሜራው ውስጥ ይቀራል።

በማስወንጨፊያው መስመር ላይ ያሉት ላሜራዎች ባቡሩ ሲወነጨፍ ወደ ታች ተስበው ይቆያሉ፤ ባቡሩ ካለፈ በኋላ ተመልሰው ይነሣሉ። ወደ ታች የሚይዛቸው የአየር ግፊት ነው። ግፊቱ ከጠፋ የሚገኙት ተነሥተው ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ የሚሆነውም ይህ ነው፤ ፍሬኑ ይነሣል፣ በመንገድ ላይ ያለው ባቡር በያዘው ፍጥነት መንገዱን ጨርሶ መጨረሻው ላይ ወዳሉት ላሜራዎች ይገባል፣ ቀጣዩ ባቡር ከጣቢያ አይለቀቅም።

ጸሐፊው ቢያነሡት ትክክል የሚሆን አንድ ጉድለት ግን አለ። የማግኔት ፍሬን የሚይዘው ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ፍጥነቱ እየቀነሰ ሲሄድ መያዣ ኃይሉም አብሮ ይቀንሳል፣ ሲቆም ዜሮ ይሆናል። ተዳፋት ላይ ከሆነ ባቡሩ ቀስ ብሎ መንሸራተቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ጣቢያው አካባቢ ሐዲዱ ጠፍጣፋ ይደረጋል፤ ፈጽሞ ለማቆም የሚጨብጥ ተራ ፍሬን፣ ለመግፋት ደግሞ የሚዞር ጎማ ይጨመራል። የሚጨብጠው ፍሬን በሞላ (ስፕሪንግ) ወይም በመሰል ኃይል ተዘግቶ የሚኖርና በአየር ግፊት የሚከፈት ነው፤ አየሩ ሲጠፋ ይዘጋል።

«ጎማዎቹ ሐዲዱን አልያዙም፤ ሐዲዱም ባዶ ቱቦ ነው»

በእያንዳንዱ የጎማ ስብስብ ሦስት ዓይነት ጎማ አለ። ክብደቱን የሚሸከሙት ከቱቦው በላይ ናቸው፤ ሁለተኞቹ ቱቦውን ከጎን ይዘው ባቡሩ ወደ ግራና ቀኝ እንዳይሄድ ያደርጋሉ፤ ሦስተኞቹ ከቱቦው ሥር ሆነው ባቡሩ ወደ ላይ እንዳይነሣ ይይዙታል። ከሥር የሚይዘውን ጎማ አሜሪካዊው ጆን ሚለር በ1919 በፓተንት አስመዝግቦታል፤ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ነገር ነው። ባቡሩ ከሐዲዱ እንዲነሣ ብረት መቀደድ አለበት።

ባዶ ቱቦ መሆኑም ድክመት አይደለም። ጠመዝማዛና ተንጋዳ መንገድን የሚቋቋመው ቱቦ ነው፤ በዲዝኒላንድ ማተርሆርን በ1959 ከተሠራ ጀምሮ የአብዛኛው የብረት ሮለር ኮስተር መሠረቱ እሱ ነው። ምሰሶው ባቡር ሲያልፍ ሲወዛወዝ ማየትም ሊያስደነግጥ አይገባም፤ የሚወዛወዝበት ልክ አስቀድሞ የተሰላ ነው። ሙቀትም ቢሆን ስሌት ውስጥ የገባ ነው። 100 ሜትር የብረት ሐዲድ በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 36 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በአቡ ዳቢ በጋና ክረምት መካከል ይህ በእርግጥ የሚሆን ነገር ስለሆነ መገጣጠሚያዎቹ መላወሻ ተትቶላቸዋል።

የብረት ሐዲድና ምሰሶ እውነተኛ ጠላት ድካም ነው። ጭነት ሲመላለስ ከብየዳው ጫፍ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይጀምራል፣ ቀስ በቀስ ያድጋል። በጁን 2023 በሰሜን ካሮላይና ካሮዊንድስ ፓርክ ፉሪ 325 የተባለው ሮለር ኮስተር አንድ ምሰሶ ተሰንጥቆ ባቡር ባለፈ ቁጥር ሲከፈትና ሲዘጋ ያየው ጎብኚ ነበር። ማሽኑ የሌላ ኩባንያ፣ የቦሊገርና ማቢያር ሥራ ነው፤ ትምህርቱ ግን የሁሉም ነው። ምሰሶው ተቀይሮ በኦገስት ተመልሶ ተከፈተ። የጸሐፊው ጽሑፍ ይህን ቢጠቅስ ኖሮ ከቱቦው ባዶነት ይልቅ ክርክሩን ያጠነክርለት ነበር። ስንጥቅን የሚያገኘው በየቀኑ የሚደረገው ጉብኝትና በየወቅቱ በመግነጢሳዊ ዱቄትና በአልትራሳውንድ የሚደረገው የብየዳ ምርመራ ነው፤ ይህን የዘለለ ፓርክ ምንም ያህል ጥሩ ማሽን ቢኖረው አይታመንም።

ጎማው ራሱስ? ጸሐፊው ያልጠየቁት ትክክለኛው ጥያቄ እዚህ ነው። ጎማው የአሉሚኒየም ቼርኪ ላይ የተጣበቀ የፖሊዩሪቴን (ጎማ መሰል ፕላስቲክ) ሽፋን ነው። ዲያሜትሩ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በደቂቃ ከ4,200 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። ሽፋኑ በእያንዳንዱ ዙር ተጨፍልቆ ይመለሳል፤ ከዚህ መጨፍለቅ የሚወጣው ሙቀት በውስጡ ይከማቻል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ሽፋኑ ከቼርኪው ይላቀቃል ወይም እየተቦጨቀ ይወድቃል። ስለዚህ ጠዋት ማሽኑ ሳይከፈት የእያንዳንዱ ጎማ ጠርዝ፣ ውፍረትና ሙቀት ይታያል፣ ኩሽኔታውም በእጅ ተዞሮ ይደመጣል። ጠንከር ያለ ናይለን የለበሰ ጎማ ይቀላል፣ ይፈጥናል፤ ግን ይንቀጠቀጣል። የትኛው ጎማ በየትኛው የአየር ጠባይ እንደሚገጠም መወሰን የጥገና ቡድኑ የዕለት ሥራ ነው።

«የወገብ መያዣው ሊከፈት ይችላል»

መያዣው በሃይድሮሊክ ሲሊንደር ይቆለፋል። በውስጡ ያለው ቫልቭ ዘይቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል፤ መያዣው ወደ ታች ይሄዳል፣ ወደ ላይ ግን አይመለስም። ቫልቩ የሚከፈተው ጣቢያ ውስጥ ከውጭ ትእዛዝ ሲሰጠው ነው። መብራት ሲጠፋ ዝግ እንደሆነ ይቀራል፤ አንዱ ሲሊንደር ቢያፈስ ሌላው እንዲይዝ ሁለት ይደረጋሉ።

አደጋው ያለው ከመከፈቱ ላይ አይደለም፤ ገና ሲጀመር በቂ ሳይዘጋ ከመቅረቱ ላይ ነው። በማርች 2022 ኦርላንዶ ውስጥ በአንድ የመውደቂያ ማማ ላይ አንድ ወጣት ሕይወቱን ያጣው የወንበሩ መለኪያ በእጅ ተስተካክሎ ከተለመደው በላይ ክፍተት እንዲፈቅድ ስለተደረገ ነው። ያ ሮለር ኮስተር አልነበረም፤ መርሁ ግን አንድ ነው። ሠራተኛው መያዣውን ገፍቶ ሲፈትሸው አትቆጡ። በጭንና በመያዣው መካከል እጅ የሚገባበት ክፍተት ካያችሁ ባቡሩ ሳይነሣ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ወፍራም ጃኬት ወይም የወገብ ቦርሳ ለብሶ መያዣውን መዝጋት መያዣው ሰውነትን ሳይሆን ጨርቁን እንዲይዝ ያደርጋል።

«ወደ ኋላ ተንሸራተው ሰው በተአምር ተርፏል»

በኦሃዮ ሴዳር ፖይንት የነበረው ቶፕ ትሪል ድራግስተርና ኪንግዳ ካ አልፎ አልፎ ማማውን ሳይሻገሩ ወደ ኋላ ይመለሱ ነበር። ተአምር ግን አልነበረም፤ ላሜራዎቹ ባቡሩ ካለፈ በኋላ ተመልሰው የሚነሡት ለዚሁ ነው።

ለምን እንደሚመለስ በቁጥር ማየት ይቻላል። ድራግስተር በሰዓት 193 ኪሎ ሜትር ሲወነጨፍ፣ የአየር ግጭትና የጎማ ፍትጊያ ባይኖር 147 ሜትር መውጣት በቻለ ነበር። ማማው 128 ሜትር ነው። ትርፉ 19 ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ አየሩና ጎማው አብዛኛውን ይወስዳሉ። ፍጥነቱ በመቶ አንድ ቢጎድል 3 ሜትር ከፍታ ይጠፋል። የፊት ለፊት ነፋስ፣ ጠዋት ያልሞቀ ጎማ ወይም ከበድ ያለ ጭነት ለዚህ ይበቃል። «ታዲያ ለምን የበለጠ አያፈጥኑትም?» ቢባል፣ ማማው አናት ላይ ባቡሩ ከፈጠነ ሰውን ከወንበሩ ወደ ላይ የሚነቅለው ኃይል ይበረታል። ነዳፊዎቹ ሆን ብለው አናቱ ላይ ሊቆም ሲል እንዲያልፍ መርጠዋል፤ ዋጋው አንዳንዴ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ፎርሙላ ሮሳ ላይ ይህ ስጋት የለም ማለት ይቻላል። በ240 የሚገኘው ጉልበት በሒሳብ 226 ሜትር ያስወጣል፤ ከፍተኛው ነጥቡ ግን 52 ሜትር ነው። ትርፉ ሁሉ የተሰጠው ለርዝመቱ ነው። ሁለቱ ማሽኖች በማስወንጨፊያቸው አንድ ይሁኑ እንጂ መንገዳቸው በተለያየ ሐሳብ የተነደፈ ነው፤ ጽሑፉ ይህን አልለየም።

«አደገኛነታቸው ስለተረጋገጠ ፈርሰዋል»

ኪንግዳ ካ በ2005 ተከፍቶ በኖቬምበር 2024 ተዘግቷል፣ በፌብሩዋሪ 28፣ 2025 በፈንጂ ፈርሷል። ፓርኩ ምክንያቱን ሲገልጽ ለአዲስ ማሽን ቦታ ለመልቀቅ መሆኑን ነው የተናገረው። ድራግስተር ደግሞ ጨርሶ አልፈረሰም፤ ማማው ዛሬም ቆሟል። የተወገደው የሃይድሮሊክ ማስወንጨፊያው ነው።

እኛ የምንለው ይህ ነው፤ እነዚህ ማሽኖች ከገበያ የወጡት ሰው ስለሚገድሉ ሳይሆን ገመዱና ዘይቱ ጥገና ስለማይጠግቡ ነው። ጽሑፉ ሊያተኩርበት የሚገባውም ይህ ነበር።

ገመዱን እንመልከት። አንድ ባቡር በየሁለት ደቂቃው ቢወነጨፍ በ10 ሰዓት 300 ጊዜ ነው። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 90,000 ጊዜ። በእያንዳንዱ ጊዜ ገመዱ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ከበሮው ላይና ፑሌጃው ላይ ይታጠፋል፣ ከዚያ በከፍተኛ ፍጥነት ይመለሳል። የብረት ገመድ የሚያልቀው በአንድ ጊዜ አይደለም። በመጀመሪያ ከውጭ ያሉ ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ በአንድ ይበጠሳሉ፤ ከዚያ ዲያሜትሩ ይቀንሳል፤ ውስጡ ቅባት ያጣና ይዝጋል። ክትትሉ በተወሰነ ርዝመት ውስጥ የተበጠሱ ሽቦዎችን መቁጠር፣ ዲያሜትሩን በካሊፐር መለካት፣ በመግነጢሳዊ መሣሪያ ውስጡን መመርመር፣ አምራቹ ባስቀመጠው የማስወንጨፍ ቁጥር ደግሞ ገመዱ ደህና ቢመስልም እንኳ መቀየር ነው። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ወጪ ስለሚጠይቅ ጊዜውን ለማራዘም የሚፈትን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን መጠበቅ ያለበት እሱ ነው።

ችላ ሲባል ወይም ሲያመልጥ ምን እንደሚሆን በሴፕቴምበር 2009 ታይቷል። በካሊፎርኒያ ኖትስ ቤሪ ፋርም ኤክስለሬተር የተባለው፣ ከ2002 ጀምሮ የሚሠራ የዚሁ ዓይነት ማሽን፣ በማስወንጨፍ ላይ ሳለ ገመዱ ተበጠሰ፤ ስብርባሪው ባቡሩ ፊት ያሉ ተሳፋሪዎችን ጎዳ። ኪንግዳ ካ ደግሞ በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት፣ በጁን 2005፣ ገመዱ በሚሮጥበት ቦይ ውስጥ አንድ ብሎን ወልቆ ገመዱንና ቦዩን አበላሽቷል፤ ወደ ሁለት ወር ገደማ ቆሟል። አንድ ብሎን ነው።

ዘይቱና ጋዙም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ናይትሮጅን በታሸገ ቦታ ከ20 ወደ 45 ዲግሪ ሲሞቅ ግፊቱ በመቶ ስምንት ተኩል ያህል ይጨምራል። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በማሸጊያ ጎማዎች በኩል ያመልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ማቀዝቀዣው ደካማ የሆነ የማሽን ክፍል በየወንጨፉ የተለያየ ፍጥነት ይሰጣል። በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ይህን ማሽን ከ2010 ጀምሮ ማሠራት ቀላል ሥራ አይደለም፤ የጥገና ሠራተኞቹ ምስጋና ይገባቸዋል።

ድራግስተር የቆመበት አደጋ ራሱ ምን ነበር? በኦገስት 2021 ባቡሩ ጉዞውን ሊጨርስ ሲል የመዳፍ ያህል መጠን ያላት ብረት ከባቡሩ ወድቃ ወረፋ የቆመች ሴትን ራሷን መታች፤ ከባድ ጉዳት ደረሰባት። ብረቷ የባቡሩን አቀማመጥ ለሴንሰር የምታሳውቅ ላሜራ ነበረች። ፍሬን አልነበረም፣ መያዣ አልነበረም፣ ጎማ አልነበረም። የኦሃዮ መንግሥት ምርመራ ፓርኩ ሕግ መጣሱን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ከዚህ የምንማረው በፈጣን ባቡር ላይ የተገጠመ ማንኛውም ትንሽ ነገር በብሎንና በዳዶ ብቻ ሊታሰር እንደማይገባ ነው፤ ሁለተኛ ማሰሪያ፣ የማጥበቂያ ልክ መዝገብና ቢላላ በዓይን የሚያሳይ የቀለም መስመር ያስፈልገዋል። ወረፋውም ባቡሩ በፍጥነት ከሚያልፍበት ሥር መዋል የለበትም።

በማስወንጨፊያው ምትክ የገባው ሐዲዱ ላይ የተደረደሩ የኤሌክትሪክ ጥቅልሎች ባቡሩ ላይ ያሉትን ማግኔቶች እየገፉ የሚያስኬዱበት አሠራር ነው። ገመድ የለም፣ ከበሮ የለም፣ ዘይት የለም። ኢንታሚን ራሱ በ2017 ስፔን ውስጥ በፌራሪ ላንድ ሬድ ፎርስን ሲሠራ፣ 112 ሜትር ከፍታና በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር፣ ሃይድሮሊኩን ትቶ ይህን ነው የተጠቀመው። በሳዑዲ ዓረቢያ ቂዲያ ለ250 ኪሎ ሜትር የተነደፈው ፋልከንስ ፍላይትም እንዲሁ ነው። ግን እሱም ከችግር ነፃ አይደለም። በማግኔቱና በጥቅልሉ መካከል ያለው ክፍተት ሚሊ ሜትሮች ብቻ ስለሆነ ጎማ በትንሹ ሲያልቅ ይነካካሉ። ታድሶ ቶፕ ትሪል 2 የተባለው ድራግስተር በሜይ 2024 ተከፍቶ ሳምንት ያህል ብቻ ሠርቶ የተዘጋው ባቡሮቹ የሜካኒካል ማሻሻያ ስላስፈለጋቸው ነው፤ የተመለሰው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ገመዱ ቢወጣም ጎማው እዚያው አለ።

«መነጽሩና የኪስ ክልከላው ለማሳመር ነው»

በበረሃ አየር በሰከንድ 66.7 ሜትር የሚሮጥ ዓይን ላይ የአሸዋ ቅንጣትና ዝንብ ምን እንደሚያደርጉ ማስረዳት አያስፈልግም። ኪስ ውስጥ ያለን ስልክ በተመለከተ፣ በዚያ ፍጥነት ከእጅ ያመለጠ ስልክ ከ226 ሜትር ከፍታ የወደቀን ያህል ጉልበት ይዞ ነው ሰው የሚመታው። ሎከር ውስጥ አስቀምጡት።

ጸሐፊው ጽሑፉን አርመው ለማውጣት ቢያስቡ፣ ስለ ፍሬኑ ያለውን አንቀጽ አውጥተው በምትኩ አንባቢ ፓርኩን ሊጠይቅ የሚችላቸውን አራት ጥያቄዎች ቢያስገቡ ደስ ይለናል፦ የማስወንጨፊያው ገመድ በስንት ወንጨፍ ይቀየራል? ጎማና ኩሽኔታ በየስንት ጊዜው ተፈትቶ ይታያል? የብየዳ ምርመራውን ከፓርኩ ውጭ የሆነ መርማሪ ያደርገዋል ወይ? ማሽኑ የተነደፈው በየትኛው የደህንነት መለኪያ ነው፣ በአሜሪካው ኤኤስቲኤም ኤፍ 2291 ወይስ በአውሮፓው ኢኤን 13814? እነዚህ መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ በደንብ የሚመራ ፓርክም ለመመለስ አይቸገርም።